ወንድሜ በዓመት 78 ሺህ ዶላር ያስገባል፤ እናትና አባታችንን ለመውሰድ ይበቃዋል?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «ወንድሜ ደንቨር ነው፣ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቷል። ኡበር ይነዳል፣ በዓመት ወደ 78 ሺህ ዶላር ያስገባል። ሚስቱ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች፣ የእሷ በዓመት ወደ 19 ሺህ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሐይቅ ያሉትን የ70 ዓመት አባታችንንና የ63 ዓመት እናታችንን መውሰድ ይፈልጋል። አብሯቸው የሚኖር የ17 ዓመት ታናሽ ወንድም አለን። ገቢው ይበቃል? ካልበቃ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛው እፈርምልሃለሁ ብሎታል። የሐይቁን ቤትስ ማሳየት ይቻላል? ትንሹ አብሮ ይሄዳል? ነገ ወንድሜ ላይ ችግር ይመጣ ይሆን?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ጉዳዩ የሚያልቅ ነው። የቤተሰብ ቪዛ ፋይል ማዘጋጀት ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ይመጣልኛል፤ የአንቺ ደግሞ ከብዙዎቹ የተሻለ መነሻ አለው። ግን አንድ ነገር ከሁሉም በፊት ልንገርሽ። ወንድምሽ የሚፈርመው ወረቀት የማመልከቻው ማሟያ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ውል ነው። የሚፈርም ሰው ሁሉ፣ ሚስቱም ጓደኛውም፣ ምን እንደሚፈርም አውቆ ይፈርም። የምጽፍልሽ በሙሉ ወደዚህ ይመለሳል።

በመጀመሪያ ማን ማንን መውሰድ እንደሚችል። እናትና አባትን መጠየቅ፣ ማለትም አሜሪካ እንዲገቡ ማመልከት የሚችለው ዕድሜው 21 የሞላ የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ወላጅ መጠየቅ አይችልም። ወንድምሽ ዜጋ ስለሆነ ይህን አልፏል። የዜጋ ወላጆች ደግሞ ኮታ የለባቸውም፣ ተራ አይጠብቁም። ለእያንዳንዳቸው ግን ለብቻው አይ 130 የሚባለው ፎርም ይሞላል። ሁለት ወላጅ ማለት ሁለት ፋይል ነው። በኢንተርኔት ከሞላው እያንዳንዱ 625 ዶላር ነው፣ በወረቀት ከሆነ 675። ከዚያ በኋላ የቪዛ ማመልከቻው በሰው 325 ዶላር አለ፣ የድጋፍ ውሉ መመርመሪያ 120 ዶላር አለ፣ ቪዛ ከተገኘ በኋላ ደግሞ በሰው 235 ዶላር። አዲስ አበባ ላይ የሚደረገው የሕክምና ምርመራና የመመላለሱ ወጪ ሳይቆጠር ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አይ 864 የሚባለው የድጋፍ ውል የሚጠይቀው የስፖንሰሩ፣ ማለትም የሚፈርመው ሰው ገቢ የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት መስመር ቢያንስ 125 በመቶ እንዲሆን ነው። መጠኑ የሚወሰነው በቤተሰብ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመጡትን ወላጆች ብቻ ይቆጥራል። የሚቆጠረው ግን ስፖንሰሩ ራሱ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ በታክስ ወረቀቱ ላይ የሚያስተዳድራቸው ሌሎች ሰዎች፣ ከዚህ በፊት ፈርሞላቸው ገብተው ውሉ ያላለቀላቸው ሰዎች፣ ከዚያ የሚመጡት ናቸው። ወንድምሽ ቤት አራት ናቸው። አባትና እናት ሲጨመሩ ስድስት። በ2025 ሰንጠረዥ ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው 53,937 ዶላር ነው። የሁለቱ ፋይል የተለያየ ስለሆነ በእያንዳንዱ ፎርም ላይ ቁጥሩ አምስት ሊመጣ ይችላል፣ ለአምስት ደግሞ 47,062 ነው። እኔ ግን ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ከሆነ በስድስት አስቡ እላለሁ። ኤምባሲው ላይ ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን የሚያይ ሰው አለ፤ በጠባቡ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ለሽማግሌዎች ቀጠሮ አይመችም። ሰንጠረዡ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ስለዚህ በሚፈርምበት ጊዜ ያለውን ይይ።

«78 ሺህ እኮ ከ53 ሺህ በጣም ይበልጣል» ትይኝ ይሆናል። እህቴ፣ 78 ሺህ ኡበር በዓመቱ መጨረሻ የሚልክለት ወረቀት ላይ ያለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ኤምባሲው የሚያየው ይህን አይደለም። በግል ሥራ ለሚተዳደር ሰው የሚታየው ወጪው ተቀንሶ በታክስ ወረቀቱ ላይ የቀረው ነው። ሹፌር ደግሞ ታክስ ሲያሠራ በማይል ይቀንሳል፤ በ2024 አንድ ማይል 67 ሳንቲም ነበር። ወንድምሽ በዓመት 50 ሺህ ማይል ነድቶ ከሆነ 33,500 ዶላር ይቀነሳል። የሚቀረው 44,500 ነው። ታክስ ሲከፍል ደስ ያለው ቅናሽ እዚህ ጋ ዞሮ ይይዘዋል። ይህ ብዙ ደንቨር፣ ዋሽንግተንና ሲያትል ያሉ ሹፌሮችን ያስደነገጠ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው በእጁ ያየውን ገንዘብ ያውቃል፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ግን ሒሳብ ሠሪው እንጂ እሱ ልብ ብሎ አላየውም።

እና በ44,500 ለብቻው ከሄደ ለስድስት ሰው አይሞላም። 9,437 ዶላር ይጎድለዋል።

«ታዲያ ወጪውን ትንሽ አሳንሶ ያሳይ» የሚል ምክር ሊመጣበት ይችላል። አይስማ። ገቢን ለማሳበጥ ወጪን መደበቅ ታክስ ወረቀት ላይ የውሸት ቁጥር መጻፍ ነው። ለአንድ ወር ከሰው ተበድሮ ባንክ ማስገባትም እንዲሁ፤ የሒሳብ መግለጫው የዓመቱን እንቅስቃሴ ያሳያል፣ ትናንት የገባ 30 ሺህ ዶላር ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

ደግነቱ መልሱ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ሚስቱ ናት። አብራው የምትኖር ስለሆነ ገቢዋን ከእሱ ጋር መደመር ትችላለች። የሚያስፈልገው አይ 864ኤ የሚባለውን ፎርም ሁለቱም ሆነው መፈረም ነው። 44,500 እና 19,000 ሲደመር 63,500። ለስድስት ሰው ሞልቶ ይተርፋል። ታክስ አብረው ማስገባታቸው ብቻውን አይበቃም፤ ያንን ፎርም ካልፈረመች የእሷ 19 ሺህ አይቆጠርም። የደመወዝ ወረቀቶቿንና አሠሪዋ በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጣትን ደብልዩ 2 ትያዝ። የቅርቡ ዓመት የታክስ መረጃ ደግሞ ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት በነፃ የሚወጣው ትራንስክሪፕት ቢሆን ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል። ሚስቱ የምትፈርመው ለባሏ እናትና አባት ነው። ፊርማዋ በሕግ የሚያስጠይቅ ግዴታ ነው፣ ነገ ቢፋቱ እንኳ አይሰረዝም። ስለዚህ ሌሊት ከሥራ ደክሟት ስትገባ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ተብላ የምትፈርመው ነገር አይደለም። ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ጥያቄ ካላት ራሷ ጠበቃ ትጠይቅ። አማቾቿን ወድዳ የምትቀበል ሴት እንኳ ምን እንደፈረመች ዘግይታ ስታውቅ ቅር ይላታል፤ ቅሬታው ደግሞ የሚያርፈው ምንም በማያውቁት እናትሽ ላይ ነው።

ጓደኛውስ? የቨርጂኒያው ጓደኛ መፈረም ይችላል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር ከሆነ ዘመድ መሆን የለበትም። ግን ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ የእሱ ገቢ የወንድምሽን ጉድለት መሙያ አይደለም። የጎደለችውን 9 ሺህ እሱ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ለራሱ ቤተሰብና ለሚፈርምላቸው ሰዎች የሚያስፈልገውን ሙሉ መጠን የወንድምሽን ገቢ ሳይደምር ማሟላት አለበት። ሚስትና ሦስት ልጅ ካለው አባትና እናትሽ ሲጨመሩ ሰባት ሰው ሆነ፣ ለሰባት ደግሞ 60,812 ዶላር ነው። ሁለተኛ፣ ጓደኛው ቢፈርምም ወንድምሽ ከመፈረም አይድንም። ጠያቂው ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ የራሱን አይ 864 ያስገባል። ስለዚህ ሚስቱ ከተስማማች ጓደኛውን በሰላም ተዉት። ሰው በሞቅታ «እኔ አለሁልህ» ይላል፣ ደግ ሰው ስለሆነ ነው፤ እኛ ደግሞ ደግነቱን ይዘን ለሃያ ዓመት ዕዳ ማስፈረም የለብንም።

በነገራችን ላይ ደሴም ኮምቦልቻም «ስፖንሰር እናስገኛለን፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚሉ ሰዎች አሉ። የሳውዲውን «ከፊል» (አሠሪውን ስፖንሰር) የሚያውቅ ሰው ይህም እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም። የማያውቃችሁ ሰው በገንዘብ ተገዝቶ የሚፈርመው ውል ኤምባሲ ላይ «ለምን ፈረመላችሁ?» ሲባል መልስ የለውም። አንድ ብር አትክፈሉ።

የሐይቁ ቤት። በሕጉ የሚመጣው ሰው ራሱ ያለው ንብረትም ሊቆጠር ይችላል። ግን የጎደለው ገንዘብ በአምስት ይባዛል። 9,437 በአምስት 47,185 ዶላር ነው፤ ንብረቱ ቢያንስ ይህን ያህል ማውጣት አለበት። ቤቱ በባለሙያ ተገምቶ፣ የባለቤትነት ማስረጃው ተሟልቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊቀየር እንደሚችልና ገንዘቡም ከአገር ሊወጣ እንደሚችል ማሳየት አለባችሁ። የመጨረሻው ላይ ነው የሚከብደው፤ ብርን ወደ ዶላር ቀይሮ ይህን ያህል ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ደንቨር ላይ ቤት ገዝቶ ከሆነ ከባንኩ ዕዳ የተረፈው ዋጋ በጣም ይሻላል። የሐይቁን ቤት አታስነኩት። በዚህ ላይ አስተያየቴ ጠንካራ ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎችን የሚመለሱበት ቤት አሳጥቶ መውሰድ ለእነሱም ለእናንተም አይበጅም። ካልለመዱት የት ይገባሉ?

«ወንድሜ ላይ ችግር ይመጣ ይሆን?» ላልሽው ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ውሉ የመጣው በ1996 ከወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ጋር ነው። አባትና እናትሽ ከገቡ በኋላ ለችግረኛ የሚሰጥ የመንግሥት እርዳታ ቢወስዱ፣ እርዳታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ወንድምሽን ገንዘቡን መልስ ብሎ ሊከስ ይችላል። ራሳቸው ወላጆችም በሕግ ሊጠይቁት ይችላሉ። ውሉ የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ነጥብ ሲሞላ (ወደ አሥር ዓመት ሥራ ነው)፣ ወይም ነዋሪነቱን ትቶ ለዘለቄታው ከአሜሪካ ሲወጣ፣ ወይም እሱ ወይም ስፖንሰሩ ሲሞት ነው።

አሁን ይህን በአባትሽ ዕድሜ እይው። በ70 ዓመታቸው አሥር ዓመት አይሠሩም። ግሪን ካርድ ከያዙ ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይችላሉ፣ ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ከቋንቋው ፈተና ነፃ የሚደረገው ዕድሜው ከ55 በላይ ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ፣ ወይም ከ50 በላይ ሆኖ 20 ዓመት የኖረ ሰው ነው። አባትሽ 85 ሊሞላቸው ነው፣ እናትሽ 78። በሕመም ምክንያት ሐኪም ሞልቶት የሚቀርብ ነፃ ማድረጊያ ፎርም አለ፤ እሱ ግን እውነተኛ ሕመም ላለበት ሰው ነው። ስለዚህ ወንድምሽና ሚስቱ የሚፈርሙት ምናልባት ለወላጆቻችሁ ዕድሜ ልክ ነው ብለው ይፈርሙ። አስፈራርቼ ላስቀራቸው አይደለም። ብዙ ልጅ ይህንኑ አውቆ ይፈርማል፤ አባትና እናቱን በመጦሩም ይደሰታል።

ከውሉ በላይ ቤቱን የሚያናጋው ግን ሕክምና ነው። ለአዛውንት የሚሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ሠርቶ ላልከፈለ አዲስ መጪ ከመጀመሪያው ቀን አይገኝም፤ 65 ዓመት የሞላው ሰው ገዝቶ ለመግባት እንኳ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ መኖር አለበት። ለችግረኛ የሚሰጠውም የፌዴራል ሕክምና ለብዙ አዲስ ገቢዎች አምስት ዓመት ዝግ ነው። አባትሽ ስኳር ወይም ደም ግፊት አለባቸው? መድኃኒት ይወስዳሉ? ወንድምሽ አይ 130ን ከመሙላቱ በፊት ኮሎራዶ ውስጥ ለሁለቱ የሚሆን የጤና ኢንሹራንስ በወር ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። ኤምባሲው ላይም ቆንስሉ የስፖንሰሩን ወረቀት ብቻ አያይም፤ የሚመጣውን ሰው ዕድሜና ጤናም ያያል። «ሕክምናቸውን በዚህ እንሸፍናለን» የሚል ወረቀት ተዘጋጅቶ ቢቀርብ ይጠቅማል።

ትንሹ ወንድማችሁ አብሮ አይሄድም። ይህን ስነግር ሁልጊዜ ስልኩ ላይ ዝምታ ይሆናል። የዜጋ ወላጅ ሆኖ የሚሄድ ሰው ልጁን በራሱ ፋይል ላይ አስገብቶ መውሰድ አይችልም። ወንድምሽ በወንድምነት ለብቻው ሊጠይቅለት ይችላል፣ ግን ያ መስመር ኮታ አለው፤ ዛሬ ተራው እየደረሳቸው ያሉት ከ15 ዓመት በላይ የጠበቁ ናቸው። ያም ሆኖ ያስገባው፣ ቀኑ ይያዝለት። የተሻለው መንገድ በእናትሽ በኩል ነው። እናትሽ ግሪን ካርድ በያዙ ማግስት እሳቸው ራሳቸው ላላገባ ልጃቸው ያመልክቱ፤ 21 ሳይሞላው ከተጠየቀ መስመሩ የተሻለ ነው፣ ካለፈው ደግሞ ወደሚረዝመው ይሄዳል። ለእሱ ያኔ ጠያቂዋ እናት ስለሆኑ ዋናውን ውል እሳቸው ይፈርማሉ፣ ወንድምሽ በገቢው ይደግፋል። አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሩት፦ እናቱ ዜጋ ሳይሆኑ ቢያገባ ፋይሉ ይሞታል። ኒካሁንም ሠርጉንም ያቆየው። እስከዚያ ከማን ጋር ይኖራል የሚለውን ወላጆች ሳይነሱ ተነጋገሩበት፤ አንቺ ደሴ ነሽ፣ ምናልባት ወደ አንቺ ሊመጣ ነው።

ወረቀቱ ላይ የእኛን አገር ሰው የሚያስቸግረው ስምና ቀን ነው። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት ተጽፎ አያለሁ፤ ፓስፖርቱ ላይ በኦ፣ የወንድምሽ የዜግነት ወረቀት ላይ በዩ፣ የጋብቻ ማስረጃው ላይ በኢ። ሁሉንም ከመጀመሪያው አንድ አድርጉ። የወንድምሽ የልደት ማስረጃ የእናትም የአባትም ስም ያለበት ይሁን፣ ለአባት ፋይል ደግሞ የወላጆች የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል። ኒካ የታሰረው በሽማግሌ ፊት ብቻ ከሆነ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት በኩል ማስረጃውን አስወጡ። በጦርነቱ ጊዜ ወረቀት ከጠፋባችሁ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ጀምሩ። ዘመን አቆጣጠሩም አለ፦ አባትሽ በ1947 ተወለዱ ከተባለ፣ ልደታቸው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ በፈረንጅ 1954፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 1955 ነው። የፋይዳ መታወቂያው፣ ፓስፖርቱና ማመልከቻው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ማስረጃው ደካማ ሆኖ ከታየ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠቁሟችሁ ይችላሉ፣ አትደንግጡ።

አንድ ነገር ግን ወንድምሽን ለብቻው ጠይቂው። አሜሪካ ሲገባ በሞላው ፎርም ላይ አባትና እናት ብሎ የጻፈው የእነዚህን ወላጆች ስም ነው? በሌላ ሰው ልጅነት ወይም በተለወጠ ስም ገብቶ ከሆነ ምንም ሳይሞላ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ይህ ራሱ ዜግነቱን የሚነካ ጉዳይ ነው።

እና ወላጆቻችሁን ጠይቃችኋቸዋል? አንቺ የጻፍሽልኝ ወንድምሽ «መውሰድ ይፈልጋል» ብለሽ ነው። እናትሽ ቅሬያቸውን (እድራቸውን)፣ ጎረቤታቸውን፣ የሐይቁን ገበያ ትተው በብርዱ ወራት በረዶ በሚጥልበት ከተማ ልጆቹ ሥራ ሲውሉ ቤት መቀመጥ ይፈልጋሉ? የልጅ ልጆቻቸውን ማየት ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት የጉብኝት ቪዛ አለ፣ የማመልከቻ ክፍያው 185 ዶላር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ያስቆያል። ግን ይህን አይ 130 ከመግባቱ በፊት ወስኑ፤ ለመኖር አመልክቶ ለጉብኝት ነው ማለት ቆንስሉን አያሳምንም። «ግሪን ካርዱን ይዤ ሐይቅ እየተመላለስኩ እኖራለሁ» የሚለውም አይሠራም። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ካርዱን ሊያጣ ይችላል፤ መቆየት ካለባቸው ከመውጣታቸው በፊት አሜሪካ ውስጥ ሆነው እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ይጠይቁ። አንዳቸው ባይስማሙ ደግሞ አታስገድዷቸው።

ሌሎች ሁለት ጥቃቅን ነገሮች። ወንድምሽ ከፈረመ በኋላ ቤት ሲቀይር በ30 ቀን ውስጥ በአይ 865 ፎርም አድራሻውን ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ ሹፌሮች ቶሎ ቶሎ ቤት ስለሚቀይሩ ነው የማነሳው። ሌላው፣ የቪዛ ፖሊሲ በአጭር ጊዜ ስለሚለዋወጥ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ በዚያን ጊዜ ለኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ቪዛ እየሰጠ መሆኑን ከኤምባሲው ከራሱ ገጽ ያረጋግጥ።

አሁን ወንድምሽ የመጨረሻውን ዓመት የታክስ ወረቀት ያውጣ። ዋናው ፎርም 1040 ይባላል፤ መስመር 9 ላይ ያለውን ቁጥርና ሚስቱ ከዚያ ውስጥ ያላትን ድርሻ ጽፈሽ ላኪልኝ። ከዚህ በላይ የሠራሁት ሒሳብ 50 ሺህ ማይል ነድቷል ብዬ ገምቼ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ሲመጣ እንደገና እንሠራዋለን።